«ዊንዶውስ 11 ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል» ከማን ጋር ሮጦ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ነው የምሰራው፣ ላፕቶፔ ኮር አይ 5 6ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ሰሞኑን ስከፍተው ስክሪኑን ሞልቶ ዊንዶውስ 10 አበቃለት፣ አዲስ ኮምፒውተር ግዢ አይነት ነገር ያመጣል። እዚሁ ህንጻ ላይ ላፕቶፕ የሚሸጠው ልጅ ደግሞ 11 ከ10 ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ ካምፓኒው ራሱ ነው ያለው እያለ አዲስ ሊሸጥልኝ ነው። እውነት ነው እንዴ? ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ሰላም እህታችን፣ ቆይ ብሩን አታውጪው። ልጁ ከኪሱ አልፈጠረውም፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ 10 ኮምፒውተሮች እስከ 2.3 እጥፍ ይፈጥናሉ ብሎ አስተዋውቋል። ግን የሚያወራው ስለ ኮምፒውተሮቹ ነው እንጂ ስለ ዊንዶውሱ አይደለም፣ ዝርዝሩን ገብተሽ ስታዪው 10 የተጫነባቸው የቆዩ 6ኛ፣ 8ኛና 10ኛ ጄኔሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ያላቸው ናቸው፣ 11 የተጫነባቸው ደግሞ ከነሱ በኋላ የመጡት 12ኛና 13ኛ፣ የተለካውም ጊክቤንች በሚባል በዋናነት ፕሮሰሰር በሚፈትን ፕሮግራም ነው። አሮጌ ላዳን ከአዲስ ቪትዝ ጋር አሩጦ የቪትዙ ሹፌር ጎበዝ ነው እንደማለት እኮ ነው። ሐቀኛ ፈተና ቢሆን አንድ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ 10ን ቀጥሎ 11ን ጭነው ይለኩ ነበር፣ ያንን ማስታወቂያ ላይ አታገኚውም።

አዲስም ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቪስታ የሚባለውን የያኔውን ዊንዶውስ ብዙ ሰው ሲጠላው ማይክሮሶፍቶች ቪስታን የማይወዱ ሰዎች ሰብስበው «ሞሃቬ» የሚባል አዲስ ዊንዶውስ ነው ብለው አሳዩዋቸው፣ ሰዎቹ ወደዱት፣ ከዛ ቪስታ ነው ተባሉ። ጥሩ ቀልድ ነው ግን ላፕቶፑ በካምፓኒው የተመረጠ 2 ጊጋ ራም ያለው ነበር፣ ማውሱንም የያዙት ተመልካቾቹ ሳይሆኑ የሚያሳዩት ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ ስንት ሰው ቤት 512 ሜጋ ራም ላይ ቪስታ ሲያቃስት እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል።

ማስታወቂያው ውስጥ እውነት ያለው የደህንነቱ ነገር ነው። የዊንዶውስ 10 ነጻ አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል፣ ኮምፒውተርሽ በዛ ቀን አይሞትም፣ ቫይረስና ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ ግን አይደፈንም። አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የማያውቁሽ ሰዎች ፍላሽ የምትሰኪ ሰው ነሽ ስለዚህ ይሄን ችላ አትበዪው። ለዚህ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት የሚባል ነገር አለ፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያደርስሻል፣ ዋጋው 30 ዶላር ነው ግን በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ ሴቲንግሽን ባክአፕ ካደረግሽ በነጻ ይሰጥሻል፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ፍለጋ አትንከራተቺ። ዊንዶውስሽ 22ኤች2 የሚለው ቨርዥን ላይ መሆን አለበት፣ ከዛ ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ጋ ታገኚዋለሽ።

11ን ያለሽው ላይ ጫኑልኝ እንዳትዪ፣ 6ኛ ጄኔሬሽን ከሚፈቀዱት ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም፣ 8ኛ ነው መነሻው። ባይፓስ አድርገን (ክልከላውን ዘለን) እንጭናለን የሚሉ ሞልተዋል፣ ይጭናሉም፣ ግን እንደዛ ለተጫነ ማሽን አፕዴት ዋስትና የለውም፣ የምትሸሺው ደግሞ እሱኑ ነበር።

ፍጥነት ከሆነ የቸገረሽ ላፕቶፑ አሁንም የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ካለው አውጥተሽ ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ አስገቢበት፣ ለጽሕፈትና ለፕሪንት ልዩነቱን ያኔ ታዪዋለሽ። የተጨማሪ አፕዴቱ ጊዜ ሲያልቅ ግን ላፕቶፑን መቀየርሽ አይቀርም፣ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዛ በላይ የሆነ ያገለገለም ይበቃሻል፣ የግድ አዲስ አይደለም። ስትገዢ የምትጽፊበትን የግዕዝ ሶፍትዌርና የፕሪንተርሽን ድራይቨር እዛው ሱቁ ውስጥ አስጭነሽ አንድ ገጽ ጽፈሽ አትሚበት፣ እምቢ የሚል ከሆነ ልጁ አጠገብሽ እያለ እምቢ ይበል።