‹ሽ-ቡም› የማን ዘፈን ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ ዘፈን ምክንያት ከአጎቴ ጋር ልንኳረፍ ነው። ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት፣ የድሮ ሸክላ ይሰበስባሉ። ‹ሽ-ቡም› የሚባለው የድሮ የአሜሪካ ዘፈን ክሩ ከትስ የሚባለው ቡድን ነው ብለው ድርቅ አሉ፣ ሸክላውንም አሳዩኝ። እኔ ስልኬ ላይ ያለው ግን ዘ ኮርድስ ይላል፣ አዘፋፈኑም ለየት ይላል። ማናችን ነን ልክ? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ እህቴ፣ የአጎትሽ ሸክላ ትክክለኛ ነው፣ ዘፈኑ ግን የኮርድስ ነው።

ኮርድሶች የኒው ዮርክ፣ የብሮንክስ ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። ዘፈኑን ራሳቸው ደርሰው እ.ኤ.አ. በ1954 የአትላንቲክ ቅርንጫፍ በሆነው ካት በሚባለው ኩባንያ አስቀረጹት። ኩባንያው ተስፋ ያደረገው በሸክላው ሌላኛ ፊት ነበር፤ እዚያ ላይ ደግሞ ኮርድሶች ራሳቸው የነጯን ዘፋኝ የፓቲ ፔጅን ዘፈን ነው መልሰው የተጫወቱት። ‹ሽ-ቡም› ጀርባው ላይ የገባ መሙያ ነበር። አድማጩ ሸክላውን ገልብጦ እሱን ወደደው፣ የፖፕ ምርጥ አስር ውስጥም ገባ። ያኔ ለጥቁር ቡድን ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ወዲያው ክሩ ከትስ መጡ። የካናዳ፣ የቶሮንቶ አራት ነጭ ልጆች ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ትምህርት ቤት ያደጉ። ሜርኩሪ የሚባለው ኩባንያ በትልቅ ኦርኬስትራ አጅቦ፣ ከበሮውን እያስጎመጎመ አወጣላቸው፣ በዚያው ዓመት አንደኛ ሆኖ ለሳምንታት ቆየ።

ሰረቁ እንዴ ትይኝ ይሆናል። በሕጉ አልሰረቁም። በ1909 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን አንዴ በፈቃድ ከተቀረጸ በኋላ ማንም መልሶ እንዲዘፍነው ይፈቅዳል፣ ለደራሲው በአንድ ሸክላ 2 ሳንቲም እስከከፈለ ድረስ። ድምፁና አዘፋፈኑ ግን ጥበቃ አልነበረውም፤ የፌዴራሉ ሕግ የተቀረጸ ድምፅን መጠበቅ የጀመረው ገና በ1972 ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ያኔ ብዙ ሬዲዮ ጣቢያዎች የጥቁሮቹን ትተው የነጮቹን ያጫውቱ ነበር፣ ስለዚህ ዘፈኑ በየቤቱ ሲገባ የፈጠሩት ልጆች ስም ደጅ ቀረ። ኮርድሶች ስሙ የሌላ ቡድን ነው ተብለው እሱንም መቀየር ነበረባቸው፣ እንዲህ ያለ ዘፈን ደግመው አልወጣላቸውም።

እኛ ወሎ ውስጥ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ሁሉም በየግጥሙ ይዘፍናል፣ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የጋራችን ነዋ። ‹ሽ-ቡም› ግን ደራሲዎቹ በስም የሚታወቁ ዘፈን ነው።

አዘፋፈኑ ለየት ያለብሽ አለምክንያት አይደለም። ዱ-ዋፕ የሚባለው የዚህ ዘፈን ስልት መሣሪያ መግዣ የሌላቸው ልጆች መንገድ ዳር ቆመው በአፋቸው መሣሪያ ሲሆኑ የጎለመሰ ነው። ‹ሽ-ቡም› የሚለውም ትርጉም የለውም፣ ድምፅ ነው። ኮርድሶች ሲሉት ከጉሮሯቸው ይወጣል፣ ክሩ ከትሶች ግን ከወረቀት ያነበቡት ይመስላሉ፣ ለእኔ ጆሮ።

ኮምቦልቻ ስትወርጂ ስልክሽን ያዢና ከአጎትሽ ጋር ሁለቱንም አከታትላችሁ ስሙ፣ መጀመሪያ የኮርድስን። መሀል ላይ ሳክስፎኑ ሲገባ እንዳታወሪ፣ አጎትሽም ይስሙት።