ሥራዎ ሌላ፣ ሙያዎ ሌላ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ኦፕሬተር ነኝ። የተመረቅሁት ግን በአካውንቲንግ ነው። ባንክ ሂሳብ ልከፍት ስሄድ ቅጹ ‹ሥራ› እና ‹ሙያ› የሚሉ ሁለት ባዶ ቦታዎች ነበሩት። ከግርጌያቸው በእንግሊዝኛ ኦኩፔሽን እና ፕሮፌሽን ይላል። የባንኩ ሠራተኛ ‹ያው አንድ ናቸው፣ አንዱን ይሙሉት› አለኝ። እውነት አንድ ናቸው? እንግሊዝኛው ጆብ፣ ካሪየር፣ ቮኬሽን እያለ ሲለያይ አማርኛ ለምን ሁሉንም ሥራ ይላል?» ከሐዋሳ አንባቢ

መልስ፦ አንድ አይደሉም። የባንኩ ልጅ ሰልፉ ረዝሞበት ይሆናል እንጂ እሱም ሲያወራ አይቀላቅላቸውም። «ሥራ ፈታሁ» ይላል። «ሙያ ፈታሁ» ሲል ግን አይሰሙትም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መዝገበ ቃላት ከመግለጤ በፊት ስሙን የሚከተለውን ግስ አያለሁ። ሥራ ይያዛል፣ ይገባል፣ ይለቀቃል፣ ይፈታል፣ ይበዛል። ሙያ ግን ይማሩታል፣ ይለምዱታል፣ ያስመሰክሩታል። ሥራ ፈላጊ አለ፤ ሙያ ፈላጊ አልሰማሁም። ጠዋት ከሥራ የተባረረ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ሙያው አብሮት ይገባል። እርግጥ ነው፣ ዛሬ ዛሬ «መምህሩ ሙያውን ለቆ ነጋዴ ሆነ» የሚል ዜና ይነበባል። ጆሮዬን ይቆረቁረዋል። ሰውየው ማስተማሩን ተወ እንጂ ማስተማር መቻሉን የት ይተወዋል? ቢሆንም አባባሉ ተለምዷል፤ ብጮህ የሚሰማኝ የለም።

ወደ እንግሊዝኛው እንሂድ። አንድ የማውቀው የትርጉም ሰው አለ። ከእሱ ጋር ሻይ በጠጣን ቁጥር የሚነሳው ይሄው ነው። «እንግሊዝኛ ለሰው ሥራ ስድስት ሰባት ቃል አለው፤ አማርኛ ሁለት። ድህነት ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። የእንግሊዝኛ ቃላት ብዛት ከልዩ ልዩ ጓዳ የመጣ ነው። ፕሮፌሽን በላቲን ሥሩ በአደባባይ መናገር፣ ቃል መግባት ነው። ቀድሞ ገዳም የሚገባ ሰው የሚገባው መሐላ ስም ነበር። ቮኬሽን ደግሞ መጥራት ከሚለው ግስ ይወጣል። እግዚአብሔር ጠርቶኛል የሚል ሰው ቃል ነው። ካሪየር፣ ማለትም ሰው በሥራ ዘመኑ የሚሄደው ጉዞ፣ ከሠረገላ መንገድ ይመጣል። ኦኩፔሽን መያዝ ነው፤ ጊዜን መያዝ። ጦር አገር ሲይዝም እንግሊዞች በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት። ጆብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሲታይ ቁራጭ ሥራ ማለት ነበር። ዛሬም «ሁለት ጆብ አለኝ» ይባላል፤ ወርክን ግን በዚህ ትርጉሙ አይቆጥሩትም። አማርኛ ይህን የመጨረሻውን ልዩነት በስም አይለይም፣ በግስ ይለየዋል። «ሥራ አገኘሁ» ስንል ጆብ ነው። «ሥራ በዛብኝ» ስንል ወርክ ነው። የሚደናገር ሰው አላየሁም።

አሁን ዋናው ነገር። በእንግሊዝኛ ፕሮፌሽን እና ቮኬሽን እኩል አይቀመጡም። ፕሮፌሽናል ሲባል ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ ይታሰባል። ቮኬሽናል ትምህርት ቤት ሲባል ብየዳ፣ አናጺነት፣ ስፌት። የእኛ አገር ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ስም ግን ሁለተኛውን «ሙያ» ብሎ ነው የተረጎመው። «የሕግ ባለሙያ» እና «የጤና ባለሙያ» ስንል ደግሞ የመጀመሪያውን። ጠበቃውም በያጁም አንድ ቃል ሥር ገቡ። በየቤቱም «እሷ ባለሙያ ናት» ሲባል ዶሮ ወጧ ነው የሚወራው። ያ የትርጉም ሰው ይህን መደባለቅ ይለዋል። ለእኔ ግን አማርኛ ከሠራቸው ደግ ነገሮች አንዱ ነው። ሙያ የሚለካው በእጅ ጥራት ነው፤ ወረቀት መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አማርኛ ለባለ እጆች ስም አጥቶ አያውቅም፤ ችግሩ ስሙ ስድብ መሆኑ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ጸሐፊው ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ነበርና። ጠይብን ልብ ይበሉ። የግእዙ ጠቢብ ነው፤ መካከሉ ላይ ያለው «በ» ላልቶ ጠፋ እንጂ። ጥበብ፣ ጠበብት፣ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚወርደው ጥበብ ሁሉ የእሱ ዘመዶች ናቸው። አዋቂ ማለት የነበረውን ቃል ወስደን ቡዳ አደረግነው። ሙያ ከዚህ ዕጣ ማምለጡ ዕድለኛ ያሰኘዋል።

«ሥራ» የሚለው ቃል ራሱም ወሬ አያጣም። ግእዝ ለሥራ የሚወደው ቃል ግብር ነው። እኛ «የሐዋርያት ሥራ» የምንለው መጽሐፍ በግእዝ ግብረ ሐዋርያት ነው። ከዚያ ሥር ተግባር፣ ምግባር፣ ገበሬ፣ ገባር ወጡ። ንጉሥ የሚያበላውም ግብር፣ ለንጉሥ የሚከፈለውም ግብር። (የቱ ይበልጥ እንደነበር ታሪክ ያውቃል።) አማርኛ ግብርን ለገቢዎች ቢሮ ትቶ ሥራን ያዘ። ሥራ ከየት መጣ? እኔ ደስ የሚለኝ ሠርዐ ከሚለው ግስ፣ ማለትም ሥርዓትን ከወለደው፣ ቢመጣ ነው። መሥራት ማሰናዳት፣ መልክ ማስያዝ ይሆናል። ምን ያምራል! ግን ትግርኛ ስራሕ ይላል። መጨረሻው ሐ ነው፣ ዐ አይደለም፤ ስለዚህ ሥሩ ሠርዐ ላይሆን ይችላል። ያ ሻይ ጠጪ ወዳጄ ይህን በደስታ ነው የሚነግረኝ። ማስረጃው ወደ እሱ ያደላል። እኔ ግን ሥራን እስክሞት በንጉሡ ሠ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ሁሉ በእሳቱ ስ ይጽፋሉ፤ ማረም ትቻለሁ።

ካሪየርን ጠይቀዋል። እዚህ ላይ እውነትም ክፍተት አለ፤ ሳልሸሽግ አምናለሁ። «የሥራ ሕይወት»፣ «የሙያ ጉዞ» እየተባለ ይሞከራል። ሁለተኛው ከሠረገላው መንገድ ጋር ስለሚገጥም እወደዋለሁ። በቀደምትነት ግን የስፖርት ጋዜጠኞች ነገሩን ፈትተውታል። «በእግር ኳስ ሕይወቱ» ይላሉ፤ ማንም ያለ አስተርጓሚ ይረዳቸዋል። «የሥራ መደብ» የሚለውን የቢሮ ቃል ግን ለዚህ አይጠቀሙበት። እሱ ወንበሩን ነው የሚጠራው፣ ሰውየውን አይደለም። «ሙያተኛ»ም አይጥመኝም። በሽታ በሽተኛን፣ ሥራ ሠራተኛን ከወለዱ ሰዋስዉ አይከለክለውም፣ አውቃለሁ። ባለሙያ የሚባል የተቀባ ቃል እያለ ምን አስፈለገ ነው ጥያቄዬ። በየሬዲዮው ግን ሙያተኛ ገብቷል።

እንግዲህ ቅጹ። ሥራ በሚለው ላይ «የልብስ ስፌት ኦፕሬተር»፣ ሙያ በሚለው ላይ «የሒሳብ ባለሙያ» ብለው ይጻፉ። መጀመሪያ ደብዳቤዎን ሳነብ ኦፕሬተርን «ልብስ ሰፊ» በሚለው ልተካው ከጅሎኝ ነበር። ቃሉ የእኛ ነው፣ አጭርም ነው። ግን ትርጉሙ አይገጥምም። ሰፈር ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ ተኩሶ ሙሉ ሱሪ ያስረክባል። የፋብሪካ መስመር ላይ ያለችው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ ወይም ኮሌታ ብቻ ትገጥማለች። የልብስ ሰፊው ሙያ በእሷ መስመር ላይ ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል። ለእንዲህ ያለው ቁራጭ ሥራ አማርኛ ገና ስም አላወጣም፤ ስለዚህ ኦፕሬተር ይቆይ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ለጎረቤት ሙሉ ቀሚስ የሚሰፉ ከሆነ ግን ሙያ በሚለው ቦታ ላይ «ልብስ ስፌት»ንም ይጨምሩበት። ቦታው ከጠበበ በትንንሹ።

አንዳንድ ቅጽ «ሞያ» ብሎ ያትማል። ያም ስሕተት አይደለም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ይጽፈዋል። እኔ ሙያን እመርጣለሁ። ምክንያቱን አይጠይቁኝ።