የአባትሽን ጽሑፍ ከሸክላው ላይ አትፋቂው
የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በዚህ እትም ስለ ሙዚቃ ሸክላና ስለ ሸክላ ሰብሳቢዎች የደረሱን ደብዳቤዎች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። አባቴ ከአብዮቱ በፊት በጎንደርና በአስመራ መንገድ የጭነት መኪና ያሽከረክር ነበር። ሲያርፍ አንድ የእንጨት ሣጥን ሙሉ ሸክላ ትቶልናል። ገሚሱ የአማርኛ፣ ገሚሱ የአሜሪካ ጥቁሮች የሶል ሙዚቃ ነው። በብዙዎቹ ላይ፣ መሀል ባለው ክብ ወረቀት፣ አባቴ ስሙንና የገዛበትን ከተማ በእስክሪብቶ ጽፎበታል። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ሁሉንም በጅምላ ልውሰድልሽ አለኝ። ጽሑፉ ግን ዋጋ ስለሚያወርድ ቀስ ብለሽ ፍቀሽ አጥፊው ብሎ መከረኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ነፍሱን ይማር። ጽሑፉን አትፋቂው፤ በጅምላም አትሽጪው።

ገዢው ስለ ዋጋው የነገረሽ እውነት ነው። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ለሸክላ ደረጃ ያወጣሉ፤ ጭረቱን፣ ሽፋኑን፣ ክብ ወረቀቱን እያዩ ነጥብ ይቀንሳሉ። ወረቀቱ ላይ የቀድሞ ባለቤት ስም ካለ እንደ ጉዳት ይቆጥሩታል። እኔ በጎንደር ፒያሳ ሬዲዮና ግራማፎን እየጠገንሁ የኖርሁ ሰው ነኝና በዚህ ልማድ አልስማማም። የአባትሽ ሸክላ ላይ «አስመራ» የሚል ቃል ካለ፣ ያ ቃል ከሸክላው እኩል ዋጋ አለው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። በዚያ ዘመን አስመራ ውስጥ ቃኘው የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር። የራሱ የሬዲዮ ጣቢያ ነበረው፤ ወታደሮቹም ሙዚቃቸውን ይዘው ነው የመጡት። በሜምፊስ ከተማ የስታክስ፣ በዲትሮይት ደግሞ ቤሪ ጎርዲ እ.ኤ.አ. በ1959 የመሠረተው የሞታውን አሳታሚ ሸክላዎች ዓለምን የሚያዳርሱበት ጊዜ ነው። አንድ የሶል ዘፋኙ የኦቲስ ሬዲንግ ሸክላ ከሜምፊስ ተነሥቶ አስመራ ደርሶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና አድዋንና አክሱምን አልፎ፣ ሊማሊሞን ተጠማዝዞ ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት በኩል አዘዞ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ጉዞ የሚመሰክር ሌላ ሰነድ የለም። ያለው የአባትሽ እስክሪብቶ ብቻ ነው። እሱን ከፋቅሽው ሸክላው ትናንት በሻንጣ ከመጣ ዕቃ በምን ይለያል? ደግሞም የፋቂ እጅ ወረቀቱን ይቀድዳል፤ ቢላዋው አንድ ጊዜ ካመለጠ ድምፁ የተቀረጸበትን መስመር ይቧጭራል።

የአማርኛዎቹን በተመለከተ፣ ሣጥኑን ስትከፍቺ «አምሃ ሬከርድስ»፣ «ካይፋ» እና «ፊሊፕስ» የሚሉ የአሳታሚ ስሞችን ፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ገና ወጣት የነበረው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሥራው እየተቀረጸ ውጭ ይላክ ነበር፤ መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ በኋላ ወደ ሊባኖስ። እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ሸክላዎችን አወጣ። ሰዎች ዛሬ ከፓሪስና ከቶኪዮ ድረስ የሚፈልጓቸው እነዚህን ነው። በዓለማየሁ ጉሮሮ ውስጥ የአሜሪካዊውን የሶል ዘፋኝ የጄምስ ብራውንን ጩኸት ስትሰሚ የአባትሽ ሣጥን ሁለቱ ገሚሶች ለምን አብረው እንደተቀመጡ ይገባሻል። አባትሽ ጆሮ ነበረው።

አሁን ሥራው ይህ ነው። ደብተር ያዢና እያንዳንዱን ሸክላ መዝግቢ፦ የድምፃዊው ስም፣ የዘፈኑ ርእስ፣ አሳታሚው፣ አባትሽ የጻፈው ቃል። ከዚያ ሸክላውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጊው፤ ዘፈኑ ካለቀበት እስከ ክብ ወረቀቱ ባለው ለስላሳ ቦታ የተጫረ ቁጥር ታያለሽ። እሱንም ጻፊ፤ የትኛው እትም እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ሳክስፎን የነፋው ወይም ጊታር የመታው ሰው ስም አይገኝምና፣ ከአባትሽ እኩዮች የሚያስታውስ ካለ ቡና አፍልተሽ ጠይቂው፤ የነገረሽንም ጻፊ።

መሸጥ ነውር አይደለም፤ ቤት ብዙ ነገር ይፈልጋል። ነገር ግን በጅምላ የሚገዛ ሰው ዓይኑን የጣለባቸው ጥቂቶቹ ላይ ነው፤ የቀረው በየሱቁ ተበትኖ ይጠፋል። ዝርዝሩን ይዘሽ አንድ በአንድ ተደራደሪ። የአባትሽ ጽሑፍ ያለባቸውን ግን ለቤተሰቡ አስቀሪ።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ። ባለቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጎንደር፣ ማራኪ ከሚገኘው ቤታችን ሳሎን ሙሉ ሸክላ ነው። አንዱን ዘፈን ሦስት ቦታ ገዝተውታል። ልጆቹ እንዲነኩ አይፈቅዱም፤ አዲስ የገዙትን ሸክላ ከመስማታቸው በፊት ያሸቱታል። አሁን ደግሞ ሳሎን ውስጥ ዕጣን እንዳላጨስ ከለከሉኝ። እንዴት ልቻላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ የዘረዘሩልኝን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የሰብሳቢ ጠባይ ነው፤ ለአብዛኛውም ምክንያት አለው። ሦስቱ ሸክላዎች አንዱ የሚሰማ፣ አንዱ የሚቀመጥ፣ አንዱ ከሌላ ሰብሳቢ ጋር የሚለወጥ ናቸው። የሚያሸቱትም ሽፋኑ እርጥበት ይዞት እንደሆነ ለማወቅ ነው። በክረምት የጎንደር ዝናብ ሳምንታት ሲያከታትል ወረቀቱ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ ወደ ሸክላው ይዛመታል። በዚህ ላይ ትክክል ናቸው።

በዕጣኑም ቢሆን በከፊል እውነት አላቸው። ጢሱ የሚጣበቅ ነገር አለው፤ ሸክላው ላይ ሲያርፍ አቧራ ይይዛል፤ መርፌው ያንን እየጠረገ ሲሄድ ድምፁ ይንጫጫል። ይሁን እንጂ ቡና ያለ ዕጣን የሚፈላበትን ሳሎን ልመክርዎ አልችልም። ሰው የሚሰበሰብበት ክፍል የሰው ነው፤ ሸክላዎቹ ወደ መኝታ ቤት ይግቡ። ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ይመረጥላቸው፤ እንደ መጽሐፍ ቆመው ይደርደሩ እንጂ አይነባበሩ። ግራማፎኑ ሳሎን ይቅርና ጢሱ ሲበርድ ይከፈት።

ልጆቹን ግን አስተምረው ይፍቀዱላቸው። ጠርዙንና መሀሉን ብቻ በመዳፍና በጣት መያዝ የሰባት ዓመት ልጅም ይችላል። ልጅ ያልነካው ሸክላ ባለቤቱ ሲያልፍ የሚያድነው የለውም፤ ይህን ለእሳቸው ከእኔ ወስደው ያንብቡላቸው።

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሶል ሙዚቃ የሚሰበስብ ጓደኛ አለኝ። ያለውን ሸክላ ሲያሰማኝ መሀሉን በነጭ ወረቀት ይሸፍነዋል፤ የዘፋኙን ስም አይነግረኝም። ይህ የተለመደ ነው? አንድ ሸክላስ እንዴት የመኪና ዋጋ ያወጣል?

መልስ፦ የተለመደ ነበር፤ ልማዱም የመጣው ከሰሜን እንግሊዝ ነው። በዚያ ያሉ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ታትመው ሳይሸጡ የቀሩ የሶል ዘፈኖችን እየፈለጉ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፍሩባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1981 የሠራው የዊገን ካሲኖ ዋነኛው የጭፈራ ቤት ነበር። ሙዚቃ የሚያጫውቱት ሰዎች ተፎካካሪ እንዳይደርስባቸው የሸክላውን ስም በወረቀት ሸፍነው የሐሰት ዘፋኝና የሐሰት ርእስ ይሰጡት ነበር።

እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዘፋኙ በዲትሮይት ወይም በቺካጎ ተረስቶ ተቀምጧል፤ ባሕር ማዶ ሺህ ሰው በድምፁ ይጨፍራል፤ የሚጠራው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። እንዲህ ያለ ነገር ግፍ ነው። እዚህ ጎንደር አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ከማን እንደተማረ ይናገራል፤ ግጥም የሰጠውንም በስሙ ያነሣዋል። ጓደኛህ ከዚህ ከተማ ከሆነ ይህን ያውቃል፤ ወረቀቱን እንዲያነሣ ንገረው።

ስለ ዋጋው፣ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የፍራንክ ዊልሰንን ሸክላ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሶል በሚባለው የሞታውን ቅርንጫፍ ተዘጋጀ። ዊልሰን ግን ከመዝፈን ይልቅ የሌሎችን ሥራ ማዘጋጀትን መረጠ፤ ሸክላው ለገበያ አልወጣም፤ የታተሙትም ከጥቂቶቹ በቀር ጠፉ። ከተረፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጧል። ጥቂት መሆኑ ብቻ ዋጋ አላወጣለትም፤ ጥቂት ሆነው ማንም የማይፈልጋቸው ሸክላዎች ሞልተዋል። ሰው ሰምቶት፣ ጨፍሮበት፣ ስሙን አውቆ ስለፈለገው ነው።

አንተ ተማሪ ነህና ገንዘብህን በዋናው እትም ላይ አታጥፋ። የእኛን የዚያ ዘመን ሙዚቃ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳይ አገር በወጡት የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ላይ ታገኘዋለህ። ውድ ሸክላ ባለበት ሁሉ አስመስሎ የሚያትም አለና፣ አንድ ቀን ዋናውን ለመግዛት ብትነሣ ለአዘዞዋ ልጅ የነገርኋትን የተጫረ ቁጥር ሳታይ ብር አትቁጠር።

ጥያቄ፦ ከደባርቅ ነው የምጽፈው። የአያቴን ባለ 78 ዙር ሸክላዎች በአዲሱ ማጫወቻዬ መስማት እችላለሁ? በአልኮል ባጸዳቸውስ?

መልስ፦ በአልኮል በፍጹም! የድሮዎቹ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች የተሠሩበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል፤ መስመሩ ይበላሻል። የተጣራ ውኃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርገህ፣ በለስላሳ ጨርቅ የመስመሩን ዙር ተከትለህ አብሰው፤ ክብ ወረቀቱን ውኃ አታስነካው፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቀው።

ማጫወቻህ 78 የሚል ፍጥነት ካለው ይሠራል፤ መርፌው ግን መቀየር አለበት። የእነዚህ ሸክላዎች መስመር ሰፊ ነው፤ የባለ 45 ዙሩ ቀጭን መርፌ ታች ገብቶ ይዋልላል፤ ድምፁም ይሻክራል። ለባለ 78 ዙር ተብሎ የተሠራውን ወፍራም መርፌ ጠይቀህ ግዛ። ሸክላዎቹ በቀላሉ ይሰበራሉና ከደባርቅ በአውቶቡስ ጭነህ ወደ እኔ አታምጣቸው፤ የማጫወቻውን ስምና የመርፌውን ፎቶ ብትልክልኝ የሚስማማውን ልነግርህ እችላለሁ።