ስድስት ደብዳቤዎች ከሐረር

ለድሬና ለሐረር ወጣት ፕሮግራመሮች

ባለፈው ወር ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ቡና ቤት ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥቶ ሰላም አለኝ። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ነፃ ፕሮግራም በፈቃደኝነት መሥራት ጀምሯል። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መገናኛችን ቴሌግራም ይሁን ወይስ ዲስኮርድ?» አለኝ። ዲስኮርድም እንደ ቴሌግራም ያለ የቡድን መነጋገሪያ ነው። አንዱን ጠርቼለት ልሸኘው እችል ነበር። ግን ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ «አስቤበት እነግርሃለሁ» አልኩትና ቤቴ ገባሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በ2009 ዓ.ም. ዘጠኝ ሆነን ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ማዋሻ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። አምስታችን ድሬ፣ ሁለቱ ጅግጅጋ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዲት የአማርኛ መምህርት ደግሞ ሐረር። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ። የምንገናኘው በኢሜይል ነበር፤ የጋራ አድራሻ ነበረን፣ ወደዚያ የተላከ ለሁላችን ይደርሳል። አድራሻውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ኃላፊነቱም የእኔ ነበር።

መምህርቷ የያዘችው ሥራ ፍለጋውን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ የቁጥር መዝገብ ውስጥ፣ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጠው። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የማይተዋወቁ ሦስት ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ አንድ ልጅ «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልገው ማሽኑ የለም ይለዋል። እኛ ኮድ ጻፊዎቹ ይህን አላየንም ነበር። እሷ በየቀኑ የተማሪ ደብተር ስለምታርም ልጆች ፊደል እንዴት እንደሚያቀያይሩ ታውቃለች። የትኛው ፊደል ለፍለጋ ሲባል ወደ የትኛው ይመለስ የሚለውን ከነሰባቱ ሆሄያት በሰንጠረዥ ልታዘጋጅልን ቃል ገባች።

ወዲያው ከመካከላችን ወጣቶቹ ኢሜይል ሰለቸን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መልስ ይዘገያል፣ ነገር ይቀዘቅዛል። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ተከፈተና በሳምንት ውስጥ ሁላችንም እዚያ ሆንን። ሁላችንም ያልኩት በስህተት ነው። መምህርቷ የነበራት ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ኢሜይል የምታነበው ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤቷ ኮምፒውተር ክፍል ገብታ ነበር። በር ላይ ብጣሽ ወረቀት እንኳ ሳንለጥፍ ቤት ለቀን ሄድን።

ደግሞ ዋናው ውሳኔ ቴሌግራሙም ላይ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ድሬ ስትተኛ፣ እኛ አምስታችን አንዱ ጓደኛችን ቤት ፍራሽ ላይ ጋደም ብለን በርጫ እንይዝ ነበር። ሐሸር ቡናው ይመጣል፣ ጨዋታው ይደራል፣ ሐሳብ እንደ ጉድ ይፈልቃል። አንድ ቀን እዚያ «ፍለጋው ለጊዜው እንዳለ ይውጣ፣ ሰንጠረዡ ይቆይ» ተባለ። ለምን እንደተባለ ዛሬ ባስበው ባስበው አይመጣልኝም። የተጻፈ ነገር የለማ! ለእሷ ማን እንደሚነግራትም አልተነጋገርንም። አንዱ ይነግራታል ብዬ ተውኩት። አራቱም እንደኔው ብለው ኖሯል።

ግንቦት ላይ የአንድ ድረ ገጽ የይለፍ ቃል ጠፍቶብኝ ያንን የተተወ አድራሻ ከፈትኩት። ከእሷ የመጡ ስድስት ደብዳቤዎች ሳይነበቡ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው የሀ ቤተሰብ ማለቁን ይነግረናል። ሁለተኛው ኸን ከእነሱ ጋር ልደምረው ወይስ ለብቻው ልተወው ብላ ትጠይቃለች። ሦስተኛው «ደብዳቤዬ ደርሷችኋል?» ይላል። አራተኛው ላይ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ያዘገየኋችሁ እኔ ከሆንኩ ብላ። እሱን ሳነብ ፊቴ ጋለ። አምስተኛው ሁለት መስመር ነው። ስድስተኛው «ሥራውን ጨርሼ ሰንጠረዡን አያይዣለሁ። ከዚህ በኋላ አልቀጥልም። ሰላም ሁኑ» ይላል።

ስልኳ ነበረኝ። ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ ስችል ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ቆይቶ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝና ጭራሹን ተውኩት። ፕሮግራሙን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠነው። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ሁለት ሳምንት ሞከረችው። መደርደሪያው ላይ በዓይኗ የምታየውን መጽሐፍ ማሽኑ የለም እያለ ሲያስቸግራት ወደ መዝገቧ ተመለሰች። አልፈርድባትም።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚሄደው የድሮው ሐዲድ ነጠላ መስመር ስለሆነ ባቡሮቹ የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። አንዱ ጣቢያ ለሌላው በስልክ የነገረው ሁሉ ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር፤ ተረኛ ሲቀየር መጪው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣም በኋላ የቤት ስልክ ሲያነሳ ከሰላምታው በፊት ሰዓቱን ይጽፍ ነበር። ለቅሶ የተነገረበትን ሰዓት ሳይቀር ጽፎ አይቻለሁ። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር።

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ። ቴሌግራም ይሁን። ዲስኮርድ ጥሩ ነው፤ ግን ፕሮግራማችሁን የምትጠቀመው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለእናንተ ብላ አዲስ አካውንት አትከፍትም። ቴሌግራሙ ስልኳ ላይ አለ። «ስላክ» የሚባለውን የሥራ ቡድኖች መነጋገሪያ ያነሳችሁም አላችሁ፤ ነፃው ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳያችሁ የ90 ቀን መልእክት ብቻ ነው። ከሦስት ወር በፊት የተነጋገራችሁትን ለማየት ገንዘብ ልትከፍሉ ነው። ግሩፑን ስትከፍቱ የቀድሞው መልእክት ለአዲስ ገቢ እንዲታይ አድርጉት። ሴቶች አባላት ስልክ ቁጥራቸውን መደበቅ እንደሚችሉም ንገሯቸው፤ ቁጥሯ ስለወጣ በሌሊት ጥሪ ተሰላችታ ሥራውን ጥላ የሄደች አውቃለሁ።

ውሳኔ ግን ቻት ላይ አይደር። አፓቼ የሚባለው ትልቅ የፈቃደኞች ድርጅት ከጥንት የሚሠራበት ደንብ አለው፦ በጋራ ኢሜይሉ ላይ ያልሰፈረ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። አባላቱ በተለያየ አገር ስለሚኖሩ አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛል፤ ስብሰባ ያመለጠው ሰው ከነገሩ እንዳይወጣ ነው። እናንተ ኢሜይል ካልወደዳችሁ ከኮዱ ጎን አንድ ፋይል አስቀምጡ። ቀኑን፣ የተወሰነውን፣ ምክንያቱን፣ ላልነበረው ሰው ማን እንደሚነግረው ጻፉበት። አራት መስመር ይበቃል።

የዛሬ ልጆች በእውቀት ከኛ ትበልጣላችሁ፣ ይህን ስል ከልቤ ነው። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል፤ የሰባት ደቂቃ ቮይስ ትልካላችሁ። በቮይስ ውስጥ ምን ተፈልጎ ይገኛል? አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ ደግሞ አምስት ግሩፕ ትከፍታላችሁ። አንድ ግሩፕ ብቻ ይኑራችሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ 2015 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብሎ አልነበር? ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበሩ ስንቶቹ ተበተኑ። ስለዚህ አንድ ያልኩትን ሁለት አድርጉት፣ ሁለተኛው ከቴሌግራም ውጭ ይሁን፤ የአባላቱን ስልክ ቁጥርም ሁለት ሰው በወረቀት ይያዝ። በርጫውንም ተዉት አልላችሁም፤ ምርጥ ሐሳባችን ሁሉ የመጣው ከዚያ ፍራሽ ላይ ነው። ሐሳቡ እዚያ ይምጣ፣ ይወሰን ግን ሌሎቹ ካነበቡት በኋላ። መምህርቷ ድሬ ብትኖርም እኮ እዚያ ቤት አትመጣም ነበር።

ልጁ ፕሮግራማቸው የአማርኛ ፍለጋ እንደሚያስፈልገው ነግሮኝ ነበር። ያንን አሮጌ አድራሻ ከፈትኩት፤ ሰንጠረዡ ከስድስተኛው ደብዳቤ ጋር እንደተያያዘ አለ። ባለፈው ማክሰኞ ደወልኩላት። ድምፄን ለየችው። ይቅርታዬን እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ቀጥዬ ልጆቹ ሰንጠረዡን እንዲጠቀሙበት ፈቃዷን ጠየቅኳት።

«ማን ማን እንዳለበት፣ ምን እንደሚሠሩበት በጽሑፍ ይላኩልኝ» አለችኝ። «አንብቤ እመልሳለሁ።»

የዚያን ዕለት ማታ ጽፌ ላክሁላት፣ ለልጁም በግልባጭ። እስካሁን አልመለሰችም። ጠዋት ጠዋት ከቡና በፊት እየከፈትኩ አያለሁ።