ዝም ካለ ቦርድ ፊት ለምትቀመጡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶች። ለሰው ይሆን ይሆናል፤ ለኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ግን አይሠራም። አዲስ ቦርድ ላይ ቡትሎደር፣ ማለትም ኃይል ሲገባ ቦርዱን አዘጋጅቶ ዋናውን ሥርዓት የሚጭነውን ፕሮግራም፣ ለማስነሳት የተቀመጠ ሰው ውሎው ከዝምታ ጋር ነው። ሥራውም በአብዛኛው ኮድ መጻፍ ሳይሆን አንዱን ዝምታ ከሌላው መለየት ነው። ኤሌክትሪክ በትክክል ያልደረሰው ቦርድ ዝም ይላል። ኤሌክትሪክ ደርሶት የሚጭነው ፋይል ያጣም ዝም ይላል። ፋይሉን አግኝቶ ሜሞሪው ላይ የተሰናከለም፣ ሁሉን ጨርሶ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ባልሆነ አድራሻ ያስረከበም እንዲሁ። ከውጭ ሲታዩ አራቱም አንድ ናቸው። ጀማሪ የሚደክመው ለአራተኛው ሕመም የመጀመሪያውን መድኃኒት ሲሰጥ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ በአንድ ቺፕ ላይ ልጻፍላችሁ፤ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤኤም335ኤክስ። ቢግልቦን ብላክ የምትባለው ቦርድ የተሠራችው በዚህ ቺፕ ነው፤ ስኬማቲኳም የቺፑ መመሪያም በነጻ ስለሚገኙ ለመማሪያ ትመቻለች። ቡትሎደሩ ዩ-ቡት ነው። ቮልፍጋንግ ዴንክ እ.ኤ.አ. በ2000 ፒፒሲቡት ብሎ ለፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ያወጣው፣ በ2002 ሌሎች ፕሮሰሰሮችንም ሲያቅፍ የዛሬ ስሙን ያገኘው ፕሮግራም ማለት ነው። የራሳችሁን ቦርድ ስታስነሱ አንዲት ጤነኛ ቢግልቦን ከጎናችሁ ትቀመጥ። «ይህ ነገር ጤነኛዋ ላይ ምን ይመስላል?» የሚለውን ጥያቄ ወዲያው የሚመልስላችሁ ከእሷ የተሻለ የለም።

ኮዱን ከመክፈታችሁ በፊት መልቲሜትር አንሱ። ቢግልቦን ላይ ኃይል የሚያከፋፍለው ቺፕ ቲፒኤስ65217ሲ ነው። ለሜሞሪው 1.5 ቮልት፣ ለፕሮሰሰሩ 1.1 አካባቢ፣ ሌሎቹ መስመሮች ላይ ደግሞ 1.8 እና 3.3 ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ቀጥላችሁ የ24 ሜጋኸርትዙ ክሪስታል መሥራቱን በኦሲሎስኮፕ እዩ። ፕሮቡ ራሱ ጭነት ሆኖ ክሪስታሉን ሊያቆመው ስለሚችል 10 እጥፍ በሚቀንሰው ማብሪያ ላይ አድርጉት። ቺፑን እንደገና የሚያስጀምረው የሪሴት መስመር ከፍ ማለቱንም አረጋግጡ። እነዚህ ሦስቱ ሳይታዩ ኮድ ላይ የሚፈስ ሰዓት፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ቦርዱ ከኮምፒውተራችሁ ጋር በጽሑፍ የሚነጋገርበት ሲሪያል ሦስት ሽቦ ነው፤ የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ይገጠማል፣ ግራውንዱ ከግራውንድ። ፍጥነቱ 115200፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ። የዩኤስቢ መለወጫው የ3.3 ቮልት መሆን አለበት፤ የ5 ቮልቱ የዚህን ቺፕ እግር ያቃጥላል። ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነገር አለ። ቦርዱን አጥፍታችሁ መለወጫውን ከኮምፒውተር ጋር እንደተሰካ ከተዋችሁት በመቀበያው ሽቦ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ቦርዱ ሊገባ ይችላል። ቦርዱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ እንደገና ሲበራ ሪሴቱ በትክክል አይሠራም። «አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም» የሚባለውን ቦርድ መጀመሪያ ከዚህ አንጻር መርምሩት።

ኤሌክትሪኩ ከተስተካከለ የመጀመሪያውን ሥራ የሚሠራው ቺፑ ውስጥ የታተመው የማይለወጥ ፕሮግራም፣ ሮም፣ ነው። ከየት እንደሚነሳ የሚያውቀው በሪሴት ሰዓት ከሚነበቡ የቡት እግሮች ነው። ቢግልቦን ላይ ኤስ2 የምትባለው ቁልፍ ካልተጫነች ሮሙ ኢኤምኤምሲን (ቦርዱ ላይ የተበየደውን ማከማቻ)፣ ኤስዲ ካርድን፣ ሲሪያልን፣ ዩኤስቢን በቅደም ተከተል ይሞክራል። ከተጫነች ኤስፒአይ፣ ኤስዲ ካርድ፣ ዩኤስቢ፣ ሲሪያል ይሆናል። እግሮቹ የሚነበቡት ኃይል ሲገባ ብቻ ስለሆነ ኤስ2ን ይዞ የሪሴት ቁልፍን መጫን ምንም አይለውጥም፤ ኃይሉን ነቅላችሁ ስኩት። ሮሙ ምንም ሳያገኝ ሲሪያል ላይ ሲደርስ «ሲ» የሚለውን የላቲን ፊደል እየደጋገመ ይልካል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ እኔ ግን ጸጋ ነው እላችኋለሁ። ኃይሉ፣ ክሪስታሉ፣ ሪሴቱና የሲሪያል ሽቦው ደህና መሆናቸውን በአንድ ፊደል ነገራችሁ። ከዚህም በላይ በኤክስሞደም፣ ፋይል በሲሪያል በሚላክበት ዘዴ፣ ላኩልኝ ማለቱ ነውና የዩ-ቡትን ትንሹን ክፍል፣ ኤስፒኤልን፣ በኤክስሞደም፣ ቀጥሎ ትልቁን በዋይሞደም ልካችሁ ያለ ካርድ ማስነሳት ትችላላችሁ።

ኤስፒኤል የሚኖረው ቺፑ ውስጥ ባለው ጠባብ ሜሞሪ ነው፤ ሮሙ የሚቀበለው እስከ 109 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። ካለፈ ግንባታው ራሱ ይከለክላችኋል፤ ይህ ደግ ስህተት ነው። ክፉው ሌላ ነው። በዚህ ቺፕ ላይ የኤስፒኤል ዜሮ የሚሞሉ ግሎባል ተለዋዋጮች የሚቀመጡት በውጭው ሜሞሪ፣ በዲዲአር ላይ ነው። ዲዲአሩ ሳይነሳ በፊት ግሎባል ተለዋዋጭ ላይ የጻፈ ፋንክሽን የሌለ ቦታ ላይ ጻፈ፤ ቦርዱም ያለ አንዳች ቃል ይቆማል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ገና ከመነሻው ሲሪያል ላይ ፊደል የሚያወጣውን የዲበግ ዩአርት ምርጫ አብሩ። አድራሻው በሄክስ (በ16 መሠረት በሚቆጠር አጻጻፍ) 44ኢ09000፣ ክሎኩ 48000000፣ ሺፍቱ 2 ነው። እግሮቹ ለሲሪያል እንዲሠሩ የሚያዘው ኮድም ከሱ በፊት መጠራት አለበት፤ አለዚያ ፊደሉ ቺፑ ውስጥ ይቀራል።

ቢግልቦንን ገልብጠው የራሳቸውን ቦርድ ለሚሠሩ አንድ ወጥመድ አለ። የዚህ ቺፕ የዩ-ቡት ኮድ የትኛው ቦርድ ላይ እንዳለ የሚለየው አይቱሲ በሚባለው የቺፖች መገናኛ መስመር ላይ በአድራሻ ሄክስ 50 ካለች ትንሽ ማስታወሻ ቺፕ፣ ከኢኢፕሮም፣ በሚያነበው ስም ነው። አዲስ ቦርድ ላይ ኢኢፕሮሟ ባዶ ናት። ኮዱ ስም ሲያጣ ወደ ቀድሞው የዲዲአር2 ቅንብር ያዘነብላል፣ እናንተ የበየዳችሁት ግን ዲዲአር3 ነው፤ እዚያው ላይ ይቀራል። ሰው ይህን ሲያይ የብየዳ ችግር ነው ብሎ ቺፕ ይነቅላል! መፍትሔው ወይ ኢኢፕሮሟን መሙላት፣ ወይ የራሳችሁን የቦርድ ማውጫ ከፍታችሁ ቅንብሩን ያለ ጥያቄ መስጠት ነው። ለአንድ ምርት የሚሆነው ሁለተኛው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሜሞሪው እንምጣ፤ ከማንኛውም ቦታ በላይ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ቁጥሮቹ የሚወጡት ከሁለት ቦታ ነው። የጊዜ ገደቦቹ ከሜሞሪው ዳታሺት፣ የመዘግየት ቁጥሮቹ ደግሞ ከእናንተው ቦርድ የመዳብ መስመሮች ርዝመት። ፋብሪካው ርዝመቶቹን የምትሞሉበት ሰንጠረዥ ይሰጣል፤ መነሻውን ከዚያ አግኝታችሁ በጄታግ (ቺፑን ከውጭ በሚቆጣጠር መሰኪያ) በሚሠራው የማስተካከያ ፕሮግራም ታጠሩታላችሁ። የሌላ ቦርድ ቁጥር ገልብጦ «ሠራ» ማለት እስከ ሙቀቱ ወቅት ድረስ ብቻ ነው።

ጥርጣሬ ሲገባችሁ ፍጥነቱን ከ400 ወደ 303 ሜጋኸርትዝ አውርዱ። ከዚያ በታች በዚህ ቺፕ ለዲዲአር3 አይፈቀድም። ስታወርዱ የማደሻ ቁጥሩንም አብራችሁ ለውጡ፤ ሜሞሪው በየ7.8 ማይክሮሰከንድ መታደስ አለበትና ቁጥሩ 7.8 ሲባዛ በሜጋኸርትዙ ነው። ለ400 ሲሰላ 3120፣ በሄክስ ሲ30 ይመጣል፤ ለ303 ደግሞ 2363፣ በሄክስ 93ቢ። የሜሞሪው ቺፕ ከ85 ዲግሪ ሴልሽየስ በላይ የሚሞቅበት ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ ጊዜው በግማሽ፣ ወደ 3.9 ይወርዳል። በ303 ሠርቶ በ400 የሚወድቅ ቦርድ ችግሩ የመዘግየት ቁጥር ወይም የመስመር አዘረጋግ ነው። በሁለቱም የሚወድቅ ከሆነ ብየዳውን፣ ቮልቴጁን፣ የረድፍና የአምድ ቁጥሩን ተመልከቱ።

ሜሞሪው ሲሳሳት የስህተቱን መልክ አንብቡ። ሁልጊዜ አንዲት ቢት ብቻ የምትሳሳት ከሆነ ብየዳ ወይም የተቆረጠ መስመር ነው። ስህተቱ እዚህም እዚያም ተበትኖ በሙቀት የሚጨምር ከሆነ የጊዜ ቅንብር ነው። አንድ ቦታ የጻፋችሁት ሌላ ቦታም ከታየ የአድራሻ መስመር ወይም የተሳሳተ የሜሞሪ መጠን ነው። ፍተሻውን ዩ-ቡት ውስጥ ባለው ኤምቴስት ትዕዛዝ ስትሠሩ ክልሉን ጠንቀቅ ብላችሁ ስጡ። ዩ-ቡት ራሱን ወደ ሜሞሪው ጫፍ ስለሚያዛውር እስከ ጫፉ ፈትሹ ካላችሁት የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ ይቆርጣል። የት እንደተቀመጠ ቢዲኢንፎ ይነግራችኋል፤ በ512 ሜጋባይት ቦርድ በሄክስ ከ82000000 እስከ 98000000 ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። አንድ ዙር አይቁጠርላችሁ፤ ሌሊቱን ይደር።

ካርዱን ወይም ኢኤምኤምሲውን ስትከፋፍሉ ስሌት ሥሩ። ሮሙ ኤስፒኤልን ወይ ፋት በሚባለው የፋይል አደረጃጀት በተሠራ ክፍል ላይ ኤምኤልኦ በሚል ስም፣ ወይ በጥሬው ከ0፣ ከ128፣ ከ256 ወይም ከ384 ኪሎባይት ላይ ይፈልጋል። 0 ላይ የክፍፍል ሰንጠረዡ ስላለ ኤስፒኤልን 128 ላይ፣ ትልቁን ዩ-ቡት 384 ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ዛሬ ያሉት የክፍፍል ፕሮግራሞች የመጀመሪያውን ክፍል ከ1024 ኪሎባይት ይጀምራሉ፤ ለዩ-ቡት የሚቀረው 640 ኪሎባይት ብቻ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ይገባ ይሆናል፤ ነገ ሁለት ምርጫ ሲጨመርበት ጅራቱ ፋይል ሲስተሙ ላይ ይወጣል። ክፍሉን ከ4 ሜጋባይት ጀምሩ። የቅንብር ማስቀመጫውን 2 ሜጋባይት ላይ ሁለት ቅጂ አድርጉት፤ ቅንብር በሚጻፍበት ቅጽበት መብራት ቢሄድ ሁለተኛው ቅጂ ይተርፋል።

«ስታርቲንግ ከርነል» ብሎ ዝም ማለት የመጨረሻው ዝምታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቡትሎደሩን ያስወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የርክክቡ ነው። ከርነሉን 82000000፣ ዲቫይስ ትሪውን (የቦርዱን ክፍሎች ለከርነሉ የሚዘረዝረውን ፋይል) 88000000 ላይ አድርጉ። ከርነሉን የሚያስነሳውን የቡትዜድ ትዕዛዝ ስትጠሩ መካከል ላይ ሰረዝዋን አትርሱ፤ ከሌለች ዲቫይስ ትሪው እንደ ራምዲስክ (ሜሞሪ ላይ እንደሚቀመጥ ፋይል ሲስተም) ይቆጠራል። የኮንሶሉ ስም በድሮ ከርነሎች ቲቲዋይኦ0፣ በአሁኖቹ ቲቲዋይኤስ0 ነው፤ ስሙ ከተሳሳተ ሊኑክስ ከውስጥ እየሠራ እናንተ ሞተ ትላላችሁ። ከርነሉን ገና ከጅምሩ የሚያናግረውን የኧርሊኮን ምርጫ ጨምሩና አዳምጡ። ቦርዱ ከሦስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ራሱን እንደገና የሚያስነሳ ከሆነ ደግሞ ሮሙ ያስነሳውን ዋችዶግ (ካላስቆሙት ቦርዱን ሪሴት የሚያደርገውን ሰዓት ቆጣሪ) ማንም አላስቆመውም።

የፋብሪካውን የተገለበጠ አሮጌ ዩ-ቡት ይዛችሁ አትኑሩ። ዋናው ዩ-ቡት በዓመት አራት ጊዜ፣ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ይወጣል። የቦርዳችሁን ኮድ ትንንሽ ፓች (የለውጥ ፋይል) አድርጋችሁ በቼክፓች፣ በአጻጻፍ መፈተሻው፣ ፈትሻችሁ ወደዚያ ላኩ። የየቦርዱ ኃላፊ በሚጻፍበት ሜይንቴይነርስ ፋይል ላይ የምታነቡትን ኢሜይል ጻፉ፤ ባለቤት የጠፋው ቦርድ ከኮዱ ይወጣል። ፈቃዱ ጂፒኤል ስለሆነም ቦርዱን የሚገዛው ሰው የዩ-ቡቱን ምንጭ ኮድ ከእናንተ የማግኘት መብት አለው፤ ቀጣሪያችሁ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ።

ቦርዱ ወደ ደንበኛ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይቀራል። የሲሪያል ሽቦው ሲነቀል መቀበያው እግር ተንጠልጥሎ ከአየር ድምፅ ይለቅማል፤ ዩ-ቡትም ሰው ቁልፍ የተጫነ መስሎት መነሳቱን አቋርጦ ይጠብቃል። እግሩ ላይ ሪዚስተር አድርጉ፣ ወይም መነሳቱን የሚያቆመው አንድ የተወሰነ ቃል ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ሁለተኛው፣ ኃይሉን በሪሌይ እያጠፋችሁና እያበራችሁ 1000 ጊዜ አስነሱት። የሚጠፋበት ጊዜ ግን አንድ ዓይነት አይሁን፤ አንዴ 10 ሰከንድ፣ አንዴ ግማሽ ሰከንድ። ካፓሲተሮቹ ሳይራገፉ ኃይል የሚመለስበት አጭሩ ጊዜ ነው ቀሪውን ችግር የሚያወጣው። የሲሪያሉን ጽሑፍ ከነሰዓቱ በፋይል አስቀምጡ፤ 1000 ጊዜ ካልሞላም የጎደለው የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ፈልጉ።