ደብዳቤው ስንት ጊዜ ይቀደዳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ ጀማሪ የቴአትር ቡድን ውስጥ የመድረክ ኀላፊ ሆኜ ተመድቤያለሁ። የምንሠራው ተውኔት 64 ገጽ ነው፤ 2 ገቢርና 9 ትዕይንት አለው። ገጸ ባሕርያቱ 11 ሲሆኑ እኛ ያሉን ተዋንያን 7 ናቸው። አዘጋጁ «ለዝግጅቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከጽሑፉ አውጥተሽ አምጪልኝ» ብሎኛል። በቅንፍ የተጻፉትን የመድረክ መምሪያዎች በቀለም አስምሬ 23 ዕቃ አገኘሁ፤ ግን የቀረኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። ለምሳሌ 4ኛው ትዕይንት እንዲህ ይጀምራል፦

(ሳሎን። ማታ።)
እናት፦ በሩን ዝጊው እንጂ፣ ዝናቡ ገባ እኮ!
ልጅ፦ እጄ ሙሉ ነው፤ አንቺ ዝጊው።
እናት፦ መጀመሪያ ይህን እዪልኝ። (ደብዳቤውን ትቀድዳለች።)

ከዚህ ያወጣሁት ሶፋ፣ ጠረጴዛና ደብዳቤ ነው። ይበቃል?
የመድረክ ጀማሪዋ

መልስ፦ አይበቃም፣ ልጄ። የቀረ ነገር እንዳለ በራስሽ መጠርጠርሽ ግን በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ቅንፉን አስምሮ ሲጨርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ተውኔት ውስጥ የሚበዛው ዕቃ ያለው ሰዎቹ በሚነጋገሩት ንግግር ውስጥ ነው፤ ደራሲው በቅንፍ የሚያስቀምጠው ጥቂቱን ነው። አንቺው የላክሽልኝን ሦስት መስመር እንይ።

«በሩን ዝጊው» ካለች በር አለ ማለት ነው፤ በዝርዝርሽ ውስጥ ግን በር የለም። የሚከፈትና የሚዘጋ እውነተኛ በር መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው? ሲከፈት ተመልካቹ ከበሩ ወዲያ ምን ያያል? ባዶ ግድግዳና ወንበር ላይ የተቀመጠ የመድረክ ሠራተኛ እንዳያይ መጋረጃ ወይም ሰሌዳ ያስፈልጋል። «ዝናቡ ገባ» ማለቷ ደግሞ የድምፅ ሥራ ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት። በሩ ክፍት ሳለ ዝናቡ ጎላ ብሎ ይሰማል፣ ሲዘጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ድምፅ የሚያጫውተው ሰው በሩ የሚዘጋበትን ቅጽበት ከተቀመጠበት ማየት አለበት፤ ካልታየው ምልክት የሚሰጠው ሰው ይመደብለት።

ልጅቷ የገባችው ከዝናብ ነው። ደረቅ ሆና ከገባች የእናቷ ቃል ውሸት ይሆናል። ከበሩ ጀርባ ባልዲ፣ ውሃ መርጫ፣ ፎጣ፣ የሚረጫት ሰው ይኑር። ወለሉ እንዳያንሸራትት ምንጣፍ ይነጠፍ። የምትለብሰው ልብስ በየምሽቱ መድረቅ ስላለበት ሁለት አንድ ዓይነት ልብስ ያስፈልግ ይሆናል፤ ይህን የአልባሳት ኀላፊዋ ዛሬውኑ ልታውቀው ይገባል።

«እጄ ሙሉ ነው»። በምን? ጽሑፉ እዚህ ቦታ ላይ አይናገርም። ወደፊት ገልጠሽ ፈልጊ፤ ምናልባት ሦስት ገጽ አልፎ አንድ ሰው «ያመጣሽውን ሻንጣ አንሺው» ይል ይሆናል። ካልተገኘ ጥያቄ አድርገሽ ለአዘጋጁ መዝግቢው። ከራስሽ ፈጥረሽ አትሙዪው።

ደብዳቤው ላይ ትንሽ ልቆይ። ደብዳቤ ብለሽ አንድ ጽፈሻል። 10 ጊዜ የምትጫወቱ ከሆነ 10 ደብዳቤ ይቀደዳል። በልምምድ የሚቀደደውንና ለመጠባበቂያ ሁለት ጨምሪ። ወረቀቱ ሲቀደድ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማ ዘንድ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ግን በተዋናይቷ እጅ በቀላሉ የሚቀደድ። ከመቀደዱ በፊት ጮክ ብሎ የሚያነበው አለ? ካለ ጽሑፉ በትክክል ይጻፍበት። ቁርጥራጩስ የት ይወድቃል? ቀጣዩ ትዕይንት ሌላ ቤት ከሆነ ማን ይለቅመዋል፣ በስንት ሴኮንድ? 2ኛው ገቢር ላይ ልጅቷ ቁርጥራጩን ገጣጥማ የምታነብ ከሆነ ደግሞ፣ ቀድሞ ተቀዶ የተዘጋጀ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። ስለዚህ ደብዳቤ የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ተከተዪው። እያንዳንዱን ዕቃ እንዲህ ጠይቂው፦ ማን አስገባህ? የት ተቀመጥህ? ማን ነካህ? ተሰበርህ ወይስ ተረፍህ? በማን እጅ ወጣህ?

ማስታወሻ ደብተርሽን በዚህ መልክ አስምሪው። ገጽ፣ ትዕይንት፣ ዕቃው ወይም ድርጊቱ፣ ማን ይይዘዋል፣ ከየት ይመጣል፣ ወዴት ይሄዳል። በመጨረሻ ሰፋ ያለ ባዶ ዓምድ ለጥያቄ ተዪ። ጥያቄዎቹን ለሁለት ክፈያቸው፤ አዘጋጁ የሚወስነው አለ፣ ለደራሲው ወይም መብቱን ለያዘው የሚቀርብ አለ። «ይህን ትዕይንት ብንተወውስ?» የሚለው የኋለኛው ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም።

አንድ ዕቃ ሁለትና ሦስት ቦታ ሊመዘገብ እንደሚችልም አትርሺ። ይህን የተማርኩት በጀማሪነቴ በሠራሁት ስሕተት ነው። ተዋናይቷ «ላጥፋው፣ ዓይኔን አመመኝ» ብላ የጠረጴዛውን መብራት ታጠፋለች። መብራቱን በቁሳቁስ ዝርዝር ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ በመብራት ዝርዝር ውስጥ ግን አላስገባሁትም። በመጀመሪያው ምሽት ቁልፉን ተጫነች፣ ትንሿ መብራት ጠፋች፣ ከላይ የተሰቀሉት የመድረክ መብራቶች ግን ቦግ እንዳሉ ቀሩ። ቀጣዩ ቃል «ጨለማው ይሻለኛል» ነበር። የልቅሶ ትዕይንት ነው፣ ተመልካቹ ግን ሳቀ። ያቺ ልጅ ለዚያ ቅጽበት ሁለት ወር ደክማ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

የመጀመሪያው ንባብሽ ላይ እርሳስ አትያዢ። ታሪኩን እንደ ተመልካች ስሚው። ሁለተኛውን ጮክ ብለሽ፣ ሰዓት ይዘሽ አንብቢው፤ በልብ ማንበብ ከመድረክ ላይ ንግግር ይፈጥናልና። ምልክት ማድረግ ያለብሽ ከዚያ በኋላ ነው። ያኔም ባለ 5 ወይም 6 ቀለም ሁኚ፦ ለመድረክ ግንባታ፣ ለቁሳቁስ፣ ለአልባሳትና ለሜካፕ፣ ለመብራት፣ ለድምፅ።

ለ11 ገጸ ባሕርያትና ለ7 ተዋንያን የሚሆነው ዘዴ ሰንጠረዥ ነው። ወደ ታች የ11ዱን ስም፣ ወደ ጎን 9ኙን ትዕይንት ጻፊ። በየትዕይንቱ የሚታይ ሰው ባለበት ሣጥን ምልክት አድርጊ። መቼም አብረው የማይታዩ ሁለት ገጸ ባሕርያት ካሉ አንድ ተዋናይ ሊይዛቸው ይችላል። ግን አብረው አለመታየታቸው ብቻ አይበቃም። አንዱ ገጽ 31 መጨረሻ ላይ ወጥቶ ሌላው ገጽ 32 መካከል ላይ የሚገባ ከሆነ፣ መካከሉን ጮክ ብለሽ አንብቢና ቁጠሪ። 40 ሴኮንድ ከሆነ ልብሱ በቁልፍ ሳይሆን በሚጣበቅ ጨርቅ የሚዘጋ ይሁን፣ ከመድረክ ጀርባ የሚያግዝ ሰው ይቁም፣ ጫማው አይለወጥ። በመጨረሻው ትዕይንት ሁሉም በአንድ ላይ የሚቆሙ ከሆነ ደግሞ 7 ሰው እንደማይበቃ ዛሬውኑ ለአዘጋጁ ንገሪው።

የመድረክ መምሪያ ሁሉ የደራሲው ትእዛዝ እንዳይመስልሽ። ለቴአትር ቡድኖች ተብለው በሚታተሙ አንዳንድ ተውኔቶች መጨረሻ ላይ የቁሳቁስ ዝርዝርና የመድረክ ንድፍ ታገኛለሽ፤ ያ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዝግጅት የተቀዳ ነው። ለማነጻጸር ይረዳል፣ ግን የእናንተ መድረክ ሌላ ነው። መምሪያው «በቀኝ ይገባል» ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረው ተዋናይ ቀኝ ነው።

እሳት፣ ጥይት፣ ደም፣ ድብድብ፣ ከፍታ ካለ ለብቻው ገጽ ክፈቺለት፤ በዕቃ ዝርዝር መካከል አይደበቅ። እ.ኤ.አ. በ1613 ለንደን የነበረው ግሎብ ቴአትር የተቃጠለው የሼክስፒር «ሄንሪ 8ኛ» እየታየ ሳለ ነው። በ1ኛው ገቢር ንጉሡ ወደ ግብዣው ሲመጣ መድፍ ይተኮስ የሚል አጭር መምሪያ አለ። መድፉ ተተኮሰ፣ የሣር ክዳኑ ተያያዘ፣ ቴአትር ቤቱም ወደመ። ስለዚህ «ሻማ ይዛ ትገባለች» የሚል ስታገኚ ከጎኑ ሦስት ጥያቄ ጻፊ፦ እውነተኛ ነበልባል ነው ወይስ በባትሪ የሚሠራ? ቤቱ ይፈቅዳል? ማጥፊያ ይዞ የሚቆመው ማን ነው?

23ቱ ዕቃዎችሽ በዚህ መንገድ ስትሄጂ ሦስትና አራት እጥፍ ቢሆኑ አትደንግጪ። ለአዘጋጁ ስትሰጪው ያለነሱ ታሪኩ የማይቆመውን ከላይ አድርጊ። በሩና ደብዳቤው እዚያ ናቸው፤ ሶፋው ግን ላይሆን ይችላል፣ በሦስቱ መስመር ማንም አልተቀመጠምና። ከእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ ቀን ጻፊበት። በልምምድ ሳምንት አንድ ነገር ሲለወጥ የድሮውን ወረቀት ከሁሉም እጅ ሰብስበሽ አዲሱን አድዪ።