በፈሳሽ ቆሻሻ ማቃጠያ ውስጥ ኦክስጅን መጨመር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የምሠራበት ፋብሪካ ያገለገሉ ማሟሟቂያዎችንና ኬሚካል የነካውን የእጥበት ውኃ በራሱ ምድጃ ያቃጥላል። የምንለቀውን ፈሳሽ ከፍ ባደረግን ቁጥር ጪሱ ይጠቁራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ያሻቅባል። ማራገቢያው የመጨረሻ አቅሙ ላይ ስለደረሰ ንጹሕ ኦክስጅን እንጨምር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያዋጣል? አደጋስ የለውም?

መልስ፦ ማራገቢያው አልበቃ ያለበት ምድጃ ኦክስጅን በእጅጉ የሚጠቅመው ምድጃ ነው። ከአየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ብቻ ሲሆን የቀረው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ 1 ሜትር ኩብ ኦክስጅን በገባ ቁጥር ለቃጠሎው የማይረዳ 3.76 ሜትር ኩብ ጋዝ ተከትሎት ይገባል፤ የነበልባሉንም ሙቀት ይዞ በጪስ ማውጫው ይወጣል። የኦክስጅኑን ድርሻ ወደ 25 በመቶ ብታደርሱት ግን ተከታዩ ጋዝ ወደ 3 ሜትር ኩብ ይወርዳል፤ ጭማሪው ትንሽ ቢመስልም ከዚህ ሸክም አንድ አምስተኛውን ያራግፋል። ነበልባሉ ይግላል፤ ጋዙም መጠኑ ስለሚቀንስ በምድጃው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህ ቆይታ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጋዙ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ በ850 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ክሎሪንን የመሰሉ ሃሎጅኖችን ከ1 በመቶ በላይ ለያዘ አደገኛ ቆሻሻ ደግሞ በ1100 ዲግሪ እንዲቆይ ያስገድዳል። የእጥበት ውኃችሁም ከዚሁ ይጠቀማል፤ ውኃውን ለማትነን የምታነዱት ተጨማሪ ነዳጅ ይቀንሳልና።

ይሁን እንጂ ኦክስጅን ከመግዛታችሁ በፊት ፈሳሹን የሚረጨውን ኖዝል እንድትመረምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። የጠብታው ስፋት ከዳር እስከ ዳር ሲለካ እጥፍ ሲሆን ነድዶ ለማለቅ አራት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። በመመልከቻው መስታወት ስታዩ ከነበልባሉ ተገንጥለው ግድግዳውን የሚመቱ ብልጭታዎች ካሉ፣ ኖዝሉ ተበልቷል ወይም ተደፍኗል፣ አለዚያም ፈሳሹ ወፍሯል ማለት ነው። ይህ ሳይስተካከል የሚጨመር ኦክስጅን ገንዘብ ማባከን ነው።

አደጋው እውነተኛ ነው። የጋለው ነበልባል እሳት የሚችለውን ጡብ ሊያቀልጥ፣ አየር የሚበክሉትን የናይትሮጅን ኦክሳይዶችም ሊያበዛ ስለሚችል፣ ጭማሪውን የጡቡንና የጪሱን ልኬት እየተከታተላችሁ ከ1 ወይም ከ2 በመቶ ጀምሩ። በኦክስጅን ቧንቧና ቫልቭ ላይ የቀረ ጥቂት ዘይት ወይም ግራሶ እንኳ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ለኦክስጅን ተብሎ የተሠራና የጸዳ ዕቃ ብቻ ይገጠም፤ በግራሶ የተነካ ጓንትም አይቅረበው። ነበልባሉ ቢጠፋ ወይም ማራገቢያው ቢቆም ደግሞ የኦክስጅኑ መስመር የሰው እጅ ሳይጠብቅ ወዲያው መዘጋት አለበት፤ መዘጋቱንም ምድጃው ሳይለኮስ በፊት ፈትናችሁ አረጋግጡ።